መርዶ ይዘን የሄድንበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሲያትል ወደቡ አጠገብ ቆመን ምሳ ስንበላ፣ ትኩስ የድንች ጥብሷ ላይ አቼቶ አርከፈከፈችበት። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ወሬዬን አቋርጬ ወደ ባሕሩ ዞር አልኩ። «ሽታውን አትወጂውም?» አለችኝ። «እወደዋለሁ» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ግን ያን ቀን ምሳዬን አልጨረስኩም።

ትኩስ ድንችና አቼቶ ለእኔ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። ክረምት ማለትን ያስለመደችኝ እናቴ ናት። ሲያትል ውስጥ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ዓመቱን ሙሉ የናፈቅናት ፀሐይ የምትወጣበት ቢሆንም፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ እሷ ዘንድ ክረምት ነው፤ ፀሐይዋ ራሷ መጥታ ብትከራከራትም አትረታትም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሬንተን ነው። አባቴ ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ ሰብለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ወደ አገር ቤት የሚደወለውም ገና በካርድ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ውኃ ልጠጣ ከክፍሌ ስወጣ በራችን ሥር ጫማ በጫማ ሆኗል። ሳሎን ውስጥ የማውቃቸው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ እጃቸውን አጣምረው መሬት መሬት ያያሉ። የእናቴ ልደት መሰለኝ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ስለ ሰርፕራይዝ ፓርቲ ሲያወሩ እሰማ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ዝም ያለው እሷ እስክትወጣ ነው ብዬ እኔም ሳቄን ለማፈን አፌን በእጄ ያዝኩ። እናቴ በሌሊት ልብሷ ወጣች። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ። ከእናቴ የወጣው ድምፅ የእሷ አልመሰለኝም። ሴቶቹ ተሯሩጠው ክንዷንና ወገቧን ያዙ። የሚደበድቧት መስሎኝ አንደኛዋን ሴትዮ ቅልጥሟን በእርግጫ አልኳት። ሴትየዋ አልተቆጣችኝም። አንስታ አቀፈችኝና «አያትሽ ነው የኔ ቆንጆ፣ አያትሽ ነው» አለችኝ።

አያቴን በአካል አላውቀውም። የእናቴ አባት ነው፤ ልጆቹ አባባ ስለሚሉት እኔም አባባ እለዋለሁ። ናዝሬት ይኖር ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የነዳው የክፍለ ሀገር አውቶብስ ነው። በስልክ «ማነሽ አንቺ ፈረንጅ?» ይለኛል። «አይም ኖት ፈረንጅ!» እለዋለሁ። ከት ብሎ ይስቃል። ትውውቃችን በቃ ይኸው ነበር። ስለዚህ የቤቱ ለቅሶ ብዙም አልገባኝም። የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው የሚነገረው። ሽማግሌው ቃሉን ከአፋቸው እስኪያወጡት ድረስ እናቴ አባት ነበራት። ከወጣ በኋላ የላትም። ይህን በዓይኔ ስላየሁ አባባን የገደለው ቃሉ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ቃሉ ያልደረሳት አንዲት ሰው ቀረች። የእናቴ ታላቅ እህት ጥሩወርቅ፣ እኛ ጥሩዬ የምንላት፣ እንግሊዝ አገር ደቡብ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ብቻዋን ትኖራለች። ስደተኛ ሆና ስትገባ መንግሥት እዚያ ወስዶ አስቀመጣት፤ እዚያው የሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ሥራ አገኘች፤ እዚያው ቀረች። በከተማዋ ከእሷ በቀር ሐበሻ የሚባል የለም። ወንድማቸው ጋሼ መኮንን ከናዝሬት የደወለ ቀን የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር እኔም ሰማሁት።

«ጥሩዬ አልሰማችም። በደወለች ቁጥር ደህና ነው፣ ተኝቷል እያልኩ አቆይቻታለሁ» አለ። «እዚያ ሰው በሌለበት ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ? ሰብለ፣ አንቺ ሄደሽ ንገሪያት።»

«ማሂ ትምህርት ስትጨርስ ይዣት እሄዳለሁ» አለች እናቴ። ማሂ እኔ ነኝ፤ ማህሌት።

ጉዞው ሲቃረብ እናቴ ጥቁሯን አወለቀች። ጸጉሯን ተሠራች። ለጥሩዬ ስትደውል ድምፅዋን አሳምራ፣ «ሶ፣ ክረምቱን አንቺ ጋ ልናሳልፍ ነው! ማሂ ባሕር ትግባ፣ እኛም እንሳቅ እንጫወት» አለቻት። ስልኩን ዘግታ ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳለች መሸ።

አውሮፕላኑ ላይ ቀበቶዬን እያሰረችልኝ፣ «ማሂ፣ ጥሩዬ ስለ አባባ አታውቅም። ሶ፣ አንቺም አታውቂም። ኦኬ?» አለችኝ።

«ኦኬ፣ ማም። ሶ፣ እሷ ጋ አባባ አልሞተም?»

እናቴ መስኮቱን አየች። «እስክነግራት ድረስ» አለች።

እሷ ለማለት የፈለገችው ሌላ ነው፤ እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ወሰድኩት። የእንግሊዝ አገር ሰዓት ከሲያትል ሰዓት የተለየ መሆኑን ነግራኝ ነበር። ሰዓቱ የተለየ ከሆነ አባባ በሕይወት ያለበት አገር መኖሩ ምን ያስገርማል? ስንወርድ ከእናቴ ይልቅ እኔ ነበርኩ የቸኮልኩት።

ጥሩዬ ባቡር ጣቢያ ቆማ ጠበቀችን። ረጅም ቀጭን ሴት ናት፤ እጇ በሳሙና ብዛት ሻካራ ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ!» ብላ ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠመጠመችን። እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ቆዩ። መንገደኛው ሁሉ አልፎ ጣቢያው ጭር እስኪል አልተላቀቁም። እናቴ አሁን ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሰችም። ሁለቱም እየሳቁ ተላቀቁ፤ ሳቃቸው ግን ሰው ፎቶ ሲነሳ የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነበር።

ከተማዋ አሳቀችኝ። ባሕሩ ዳር አሸዋ የለም፤ ጠጠር ብቻ ነው። ሰዉ ዝናብ እየጣለበት ባለ መስመር የሸራ ወንበር ላይ ተዘርግቶ አይስክሬም ይበላል። ነፋሱ ሲበረታ ጨርቅ ወጥሮ ከኋላው ይደበቅና መብላቱን ይቀጥላል። እናቴ በመገረም ቆማ፣ «እነዚህ ምን ነካቸው? ክረምት እኮ ነው!» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ክረምት ልክ ሆነች። ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ረጅም የእንጨት መንገድ አለ፤ ፒር ይሉታል። እዚያ ላይ ድንች በአቼቶ የያዘ ሰው ካዩ፣ ድመት የሚያህሉ ነጫጭ የባሕር ወፎች መጥተው ከእጁ ይነጥቁታል።

ከጥሩዬ ቤት ሥር እትዬ ጆይስ የሚባሉ ባልቴት ይኖራሉ። እትዬ ያለቻቸው ጥሩዬ ናት። «የእናቴን እኩያ በባዶ ስማቸው እንዴት እጠራቸዋለሁ?» ትላለች። እሳቸውም ሰምተው ሰምተው ለምደውት፣ በሯን ሲያንኳኩ «እትዬ ጆይስ ነኝ» እስከማለት ደርሰዋል።

ከሶፋው በላይ አባባ አውቶብሱን ተደግፎ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። የመጀመሪያውን ቀን ሻንጣችን ሳይፈታ ፎቶው ሥር ቆምኩና፣ «አባባ ምን ይወዳል?» አልኩ።

እናቴ ማድ ቤት ውስጥ ቀጥ ብላ ስትቆም ታየኝ። ጥሩዬ ግን ወደ ፎቶው ቀና አለችና፣ «መንገድ ይወዳል» አለችኝ። «አሰላ ሲቃረብ ያለውን ዳገት ከጨረሰ በኋላ ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋል። ለመንገደኛው አይምሰልሽ፤ ለራሱ ነው።»

«ሦስቴ ነው እንጂ!» አለች እናቴ።

«ሁለቴ ነው። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ!»

«ሦስቴ ነው ስልሽ!»

እንደ ልጅ ተከራከሩ፤ ከዚያ እናቴ ወደ ድስቷ፣ ጥሩዬ ወደ ሻንጣችን ዞሩ። እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። ሲያትል ስለ አባባ የሚወራው እንደሄደ ሰው ነው። እዚህ አባባ ዛሬም ይነዳል፣ ይነፋል፣ ይስቃል። በየቀኑ አንድ አንድ ነገር እጠይቃታለሁ፤ ጥሩዬም ሰልችቷት አያውቅም። ከአውቶብስ የወረደ ገበሬ ዶሮው ብታመልጠው አብሮት እንዴት እንደሚያባርር፣ ራዲዮ ሲሰማ እንዴት ዜና አንባቢውን እንደሚመክር፣ ጫማውን ራሱ ካልቦረሸ እንደማይወጣ ነገረችኝ። በሕይወት ሳለ ያላወቅኩትን አያቴን ከሞተ በኋላ፣ በሕይወት እንዳለ ሆኖ አወቅኩት።

ጥሩዬ ከሥራ ስትመለስ ወደ ውኃው ይዛኝ ትወርዳለች። ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ትገባና ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ቀዝቃዛውን ውኃ እየዘገነች ፊቷን ደጋግማ ትታጠባለች። ስትመለስ ዓይኗ ደም ይመስላል። «የባሕር ውኃ ለዓይን መድኃኒት ነው» ትለኛለች። አንድ ቀን እኔም አደረግኩት፤ አቃጥሎኝ ጮህኩ። እሷ ግን በየቀኑ ድምፅ ሳታሰማ ስለምትታጠብ፣ ጀግና ናት ብዬ አደነቅኳት። እናቴ ደግሞ ነፋስ ልቀበል ትልና ብቻዋን ወደ ሌላኛው ጫፍ ትሄዳለች፤ እሷም የምትመለሰው ዓይኗ ቀልቶ ነው። በዚያች ከተማ የሰው ዓይን የሚያቀላው የባሕሩ ጨው ነው ብዬ አምኜ ነበር።

መርዶው ግን አልተነገረም። እናቴ ማታ ስንተኛ፣ «ነገ ጠዋት ነው» ትለኛለች፤ ጠዋት ስንነሳ ጥሩዬ ቀድማን ወጥታለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ራሷን አሟት ታድራለች፣ እናቴም በዚህ ላይ መርዶ አልጨምርም ትላለች። ሳምንታት አለፉ። የመመለሻ ቲኬታችን ቀን ሲቃረብ እናቴ ልቧ ሌላ ጋ ሆነ፤ ጨው ጨምራ እንደገና ጨው ትጨምራለች። አንድ ቀን መንገድ ዳር ካለ የስልክ ሳጥን ውስጥ ገብተን ወደ አባቴ ደወለች። ሳጥኑ ለአንድ ሰው የተሠራ ስለነበር ሆዷ ላይ ተለጥፌ ሁሉንም ሰማሁ።

«አልነገርኳትም» አለች። «ማን ይይዝልኛል? ብትወድቅብኝ ማን ያነሳልኛል? ለንደን ያሉትን ሐበሾች አላውቃቸው፣ እነሱም አያውቋት።»

«ሰብልዬ፣ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሁለታችሁ ትበቃላችሁ» አለ አባቴ።

«እኔን እኮ አገር ምድሩ ነው ያቀፈኝ! ታላቄን በባዶ ቤት ላርዳት?»

 ካርዱ ሊያልቅ ሲል ቀሪ ደቂቃ የምትናገረው የተቀዳች የሴት ድምፅ በመሀል ገባችና ወሬው ተቆረጠ። እኔ በልቤ እሰይ አልኩ። ካልተነገራት አባባ ይቆያል።

በዚያው ሰሞን አንድ አመሻሽ ፓስታ በበርበሬ ሱጎ ቀርቦ ተቀመጥን። ሁለቱም ከመጣን ጀምሮ አይበሉም ነበር። አንዷ ለሌላዋ ትጨምራለች፣ ሌላዋ መልሳ ትቀንሳለች፣ በመጨረሻ የሚጠግበው የእኔ ሆድ ነው። ያን ቀን እናቴ ተናደደች መሰለኝ፣ ፓስታውን ሹካዋ ላይ ጠቅልላ ጥሩዬ አፍ ላይ ደቀነችው። ጥሩዬ «በቃኝ» ብላ ፊቷን አዞረች።

«አባባ ይሙት ትጎርሻታለሽ!» አለች እናቴ።

ልማድ ነው። እኛ ቤት ሰው ሲለምንም ሲምልም የአባት ስም ሳይነሳ አይውልም። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ግን እናቴ ክው አለች። ሹካው አየር ላይ ቀረ። አሁን አለቀ፣ ጥሩዬ ሰማች ብዬ ወደ እሷ ዞርኩ። ጥሩዬ የምታየው እናቴን ነው፤ የምታያትም ከወንበሯ ልትወድቅ የደረሰችን ሰው እንደምታይ ሆና ነው። ከዚያ አፏን ከፈተችና ጎረሰች። ስታኝክ እንባዋ ወረደ።

«በርበሬው በዛ» አለች።

«በጣም በዝቷል» አለች እናቴ። እሷ ገና አልቀመሰችውም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ቤት ማንም በአባባ አልማለም። የተኳረፉ መሰለኝ። ምን እንዳጣላቸው ባላውቅም እናቴ ታናሽ ስለሆነች ይቅርታ መጠየቅ ያለባት እሷ ናት ብዬ ፈረድኩ።

እትዬ ጆይስ ባሕሩ ዳር ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ትንሽ የእንጨት ቤት አለቻቸው፤ ሰው አያድርባትም፣ ሻይ ይፈላባታል እንጂ። መመለሻችን ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጥሩዬ ሥራ ላይ ሳለች፣ እናቴ እጄን ይዛ እዚያ ወሰደችኝ። እትዬ ጆይስ ሻይ ቀዱልን። እናቴ በሲያትል እንግሊዝኛዋ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባታቸው ሞቷል። እህቷ አታውቅም። በእኛ ወግ ይህ ነገር በማለዳ፣ በሰው ፊት ነው የሚነገረው። እዚህ ሰው የለንም። እርስዎ መጥተው አጠገቧ ቢቆሙልኝ።

እትዬ ጆይስ ኩባያቸውን አስቀመጡ። እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ባሕሩን አዩ።

«እህትሽን ምንም አልጠየቅሻትም?» አሏት።

«ኖ፣ ኖ! እባክዎ እንዳይነግሯት። ቃል ይግቡልኝ።»

«ቃል እገባለሁ» አሉ፤ ትንፋሻቸውን ሲያወጡ ሰማኋቸው። «ብዙ ሰው ነው የሚያስፈልገው?»

«ብዙ ቢሆን ጥሩ ነበር። ምን ይደረጋል» አለች እናቴ።

«ቅዳሜ ማለዳ ይሁን» አሉ እትዬ ጆይስ። የሰጡን ሻይ ቀዝቅዞ ነበር፤ እናቴ ግን እስከ ጥፍጣፊው ጠጣችው።

ዓርብ ዕለት ጥሩዬ ወደ ፒሩ ወሰደችኝ። ድንች ገዛችልኝና አቼቶውን ራሷ አፈሰሰችበት። ጫፉ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን። ነገ ቃሉ ሊነገር መሆኑን አውቄ ስለነበር ድንቹን አልነካሁትም። አምላኬን ቅዳሜን እንዲያዘልልኝ ለምኜው ነበር። ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ነገር ልስማ ብዬ፣ «አባባ እኔን ቢያየኝ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

 «ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ሞተሩ ላይ ትራስ ያነጥፍልሻል» አለች ጥሩዬ። «እኔንና እናትሽን እዚያ ነው የሚያስቀምጠን። ይሞቃል። መንገዱ ሁሉ ይታይሻል። እያንዳንዷን ከተማ ስሟን ይነግርሻል፤ ትረሺያለሽ፤ ስትመለሱ እንደገና ይነግርሻል።»

እንባዋ በጉንጯ ላይ ወረደ። «አቼቶው ነው» አለች፤ ድንቹን ከአፍንጫዋ አራቅኩላት። ከዚያ ትከሻዬን አቅፋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማሂዬ፣ ነገ ጠዋት ከእናትሽ አጠገብ እንዳትለዪ። እሺ?»

ግራ ገባኝ። ልክ በዚያ ጠዋት እናቴ ጸጉሬን እያበጠረች፣ «ነገ ጠዋት ከጥሩዬ አጠገብ እንዳትለዪ» ብላኝ ነበር። ትልልቅ ሰዎች አንዱን ነገር እየተቀባበሉ ይነግሩኛል ብዬ ለሁለቱም እሺ አልኩ። ከማን አጠገብ እንደምቆም ግን ሳስብ ዋልኩ።

ቅዳሜ ስነቃ መስኮቱ ግራጫ ነበር። እናቴ ሶፋው አጠገብ ለብሳ ቆማለች፤ በቤት ውስጥ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። የጥሩዬ መኝታ ቤት በር ተከፈተ። እሷም የሥራ ጋዋኗን ከላይ ደርባ ወጣች። ቅዳሜ ግን ሥራ የላትም። «በማለዳ ተነሳሽ» አለች አንዷ። «አንቺስ» አለች ሌላዋ። በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ጆይስ ብቻቸውን አልመጡም። ከኋላቸው ድንች የሚሸጠው ወፍራም ሰውዬ አለ፤ ከጥሩዬ ጋር ላውንደሪ የሚሠሩት ሴቶች አሉ፤ ባሕሩ ዳር ወንበር የሚያከራዩት አዛውንትና ባለቤታቸው አሉ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው በካልሲ ገቡ። ምን እንደሚደረግ ስላላወቁ ግድግዳውን ተጠግተው ተሰለፉና እጃቸውን አጣመሩ።

እናቴ ወደ ጥሩዬ ሄደች። ጥሩዬም ወደ እናቴ መጣች። መሀል ወለሉ ላይ ተገናኙና አንዷ የሌላዋን ክንድ ያዘች፤ ሰው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል የሚያዘውን አያያዝ።

«አይዞሽ፣ እታለም» አለች እናቴ።

«አይዞሽ፣ ሰብልዬ» አለች ጥሩዬ፣ እኩል።

እንደተያያዙ ቆሙ። አንዷ የሌላዋን ለቅሶ ትጠብቃለች። ማንም አላለቀሰም። እናቴ ክንዷን ስታነሳ ካፖርቷ ተከፈተ፤ ከሥሩ ጥቁር ነው። ጥሩዬ አየችው። እናቴም በጋዋኑ አንገት በኩል የጥሩዬን አየች። እሱም ጥቁር ነው።

«ልጆቼ» አሉ እትዬ ጆይስ፣ «ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ሁለታችሁም እኔ ጋ መጥታችሁ ነገራችሁኝ፤ ሁለታችሁም ለሌላዋ እንዳልነግር ቃል አስገባችሁኝ።»

እናቴ እጇን አልለቀቀችም። «መቼ ሰማሽ?» አለቻት።

«ሚያዝያ ላይ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አንዲት የናዝሬት ልጅ ከለንደን ደወለችልኝ። የሰማሁ መስሏት እግዚአብሔር ያጽናሽ አለችኝ። መኮንን ጋ ስደውል ደህና ነው፣ ተኝቷል አለኝ። እኔን ከደበቀኝ አንቺንም ደብቆሻል አልኩ። አንቺም እየሳቅሽ ክረምቱን ልናሳልፍ ነው ስትዪኝ፣ አባቷ የሞተባት እንዲህ አትስቅም ብዬ… ስትመጪ እኔ ልነግርሽ ነበር። በየቀኑ አቃተኝ።»

«ስትሰሚ የት ነበርሽ?»

«ላውንደሪ።»

«ማን ነበር አጠገብሽ?»

«ማንም።»

«ምን አደረግሽ?»

«አንሶላውን አጠፍኩ» አለች ጥሩዬ። «ብዙ አንሶላ ነበር።»

የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። ሳየው አሁን ብታለቅስ የምታለቅሰው ለአባባ ሳይሆን ብቻዋን ለሰማችው እህቷ መሆኑን አወቅኩ። ግን አላለቀሰችም። ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና ጥሩዬን ክንዷን ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት። እትዬ ጆይስን በአንድ ወገን፣ ባለ ድንቹን በሌላ ወገን አስቀመጠች። እንዴት እንደሚያዝ በራሷ እጅ አሳየቻቸው፤ አንደኛው እጅ ክንድ ላይ፣ ሌላው ከጀርባ። የላውንደሪ ሴቶቹን ከኋላ አቆመቻቸው። የጥሩዬን ሻሽ ፈታችላት። ከዚያ ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ሰብልዬ፣ አውቃለሁ እኮ» አለች ጥሩዬ።

«አልተነገረሽም» አለች እናቴ።

 እናቴ ጀርባዋን አቀናች፤ ድምፅዋ የራሷ አልነበረም፣ የትልቅ ሰው ነበር።

«ጥሩወርቅ፣ አባታችን ዐረፈ።»

ጥሩዬ እነዚያን ወራት ሁሉ ያላወጣችውን ድምፅ አወጣች። «አባባዬ! አባባዬ!» ብላ ከሶፋው ስትነሳ ባለ ድንቹ አብሮ ተነሳ፤ እትዬ ጆይስም በዚያ ዕድሜያቸው ወገቧን እንደያዙ ተነሱ። እናቴ ሮጣ መጣችና አንገቷ ላይ ወደቀች። እኔ ከማን አጠገብ እንደምቆም የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ሁለቱንም ቀሚሳቸውን ይዤ መሀል ገባሁ። አባባ ለእኔ የሞተው ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ ላይ ትራስ የሚያነጥፍልኝ ሰው እንደሌለ ገብቶኝ፣ አይቼው ለማላውቀው ሰው ሆዴ እስኪያመኝ አለቀስኩ።

ጥሩዬ ደረቷን እየመታች ስለ አባቷ ትናገር ጀመር፤ ስለ ጫማው፣ ስለ ዳገቱ፣ ሳታየው ስለቀረችው ዓመታት። የያዟት ሰዎች ከምትለው አንዲት ቃል እንኳ አልገባቸውም። ደክሟት ራሷ እስክትቀመጥ ድረስ አንዳቸውም አልለቀቋትም።